ከደሴ እስከ መካነ ሰላም፦ የማይታጠፍ ሻንሲ ይሰበራል!

እስቲ ልጠይቃችሁ! አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ቀለሙን? ጎማውን? ቴፑን? አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያስጮሃል፤ አንዷ በሩን ከፍታ ትዘጋና "ድምፁ ደስ ይላል" ትላለች። ከሥሩ ተንጋሎ ገብቶ ሻንሲውን የሚያይ አራዳ ግን የት አለ? ልብስ ሳይቆሽሽ አሮጌ መኪና አይገዛም ወገኖቼ!

"ይሄ የሜካኒኮች ወሬ ነው" ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ነገሩ የሁላችንም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ እዚሁ ያለው አሮጌ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። በኛ አገር መኪና ሲያረጅ አይሞትም፤ ከቦሌ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል እንጂ! መንገዱ እየከፋ በሄደ ቁጥር መኪናውም እያረጀ ይሄዳል ማለት ነው። ያኔ ባለቤቱ ምን ይላል? "ብረት ጨምርበት!" ጥያቄው ግን የት ላይ? ምን ያህል? እንዴት? የሚለው ነው። እኔ መልሱን ያገኘሁት ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ነው።

አጥንቱ ምን ይመስላል?

ጉዞውን ከመጀመራችን በፊት ሻንሲ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ላንድክሩዘር፣ ላንድሮቨርና አይሱዙ የተሠሩት በመሰላል ላይ ነው። አዎ፣ በመሰላል! ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው በመሐል በአግዳሚ ብረቶች ይያያዛሉ። ሞተሩም፣ ባሌስትራውም፣ ጋቢናውም፣ ጭነቱም የሚያርፈው እዚህ መሰላል ላይ ነው። የአይሱዙው ረጃጅም ብረት አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ እንደ ውኃ መውረጃ አሸንዳ ያለ ነው። የላንድክሩዘሩ ደግሞ አራቱም ጎኑ የተዘጋ፣ እንደ ሳጥን ነው።

ልዩነቱን ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት ጠቅልሉና ዳር ለዳር በፕላስተር አጣብቁት። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ እንቢ ይላል። አሁን ፕላስተሩን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁትና እንደገና ጠምዝዙት። እንደ ገመድ ይታዘዛችኋል! ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ የተለየው መዘጋቱና መከፈቱ ብቻ ነው።

"እንግዲያው ሁሉንም ዘግተን ድርቅ ብናደርገውስ?" ትሉ ይሆናል። የፊት ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋላ ቀኙ ጉድጓድ ይገባል እንበል። መኪናው ይጠማዘዛል። ጥምዘዛውን በብዛት የሚውጠው ባሌስትራው ነው፤ የተረፈውን ደግሞ ሻንሲው ጥቂት በጥቂት ከፊት እስከ ኋላ ይካፈለዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እንደዚያው ነው። አንዱን ቦታ ብቻ ድንጋይ ካደረጋችሁት ግን ሸክሙ አይጠፋም። ድንጋዩ ያለቀበት ጫፍ ላይ ይጠራቀማል።

ወደ ደጋው

ጉዞው የተደረገው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ደሴ ጦርነት ያየች ከተማ ናት። ከጉዞው በኋላ ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ፣ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የመንገዱን ነገር ሌላ አድርጎታል። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ "ነገ ተነሥታችሁ ሂዱ" አይልም። አገሩ ሰላም ሲሆን ግን ሂዱ፤ ትጠግቡታላችሁ።

የሄድኩት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለችው። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት የገዛት ናት፤ ዕቁቡን ገና እየከፈለ ነው። ሚስቱን፣ አራት ልጆቹንና እናቱን የምታበላው እሷ ናት። ከመነሣታችን ከሳምንት በፊት የኋላ ሻንሲዋ ላይ ወፍራም ላሜራ አስበይዶላት ነበር። ባሌስትራም ጨምሮላታል። "አሁን ታንክ ሆናለች!" አለኝ ጎኗን መታ መታ እያደረገ።

ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን 401 ኪሎ ሜትር ስትደምሩበት ከመዲናዋ ወደ 580 ይጠጋል። በካርታ ስታዩት አጭር ነው። በወገብ ስትለኩት ግን ሌላ ነው!

ጦሳን ከኋላ ትተን ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ቀዳዳ ገብቶ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ጠዋቱ ውርጭ ነው። ሜዳው ላይ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ እረኞች በርኖስና ብርድ ልብስ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ ወረኢሉ ናት፤ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር የከተተባት። እኛ ወደ ምዕራብ ነው የምንሄደው፤ ወደ ለጋምቦ፣ ወደ አቀስታ።

ደጋው ሰፊ ነው። ሰማዩ ቅርብ ይመስላል። ዛፍ ከስንት አንዴ ነው የምታዩት፤ ያለውም ቤት የከበበ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ድንገት ምድሩ ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ ታች ሌላ አገር፣ ሌላ አየር፣ ሌላ እህል! መንገዱ አንዳንድ ቦታ ለስላሳ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ኮረኮንች ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ የሠራ ጠጠር ነው። እዚያ ላይ ስትነዱ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ሰውን እንዲህ ያደረገ ብረቱንስ ምን ያደርገዋል?

አቀስታ ሻይና አምባሻ ቀማምሰን ቀጠልን። ከቀትር በኋላ፣ አንድ ጉድጓድ ስንወጣ፣ ከኋላ "ጓ!" አለ። አጎቴ "ድንጋይ ነው" አለ። እኔ ግን በመስተዋቱ ሳይ የጭነት ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሰለኝ። ወረድን። በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቧል። ጠዋት ግን እኩል ነበር!

አንባቢዎቼ፣ ይህችን ምልክት ያዟት። ክፍተቱ እኩል ካልሆነ፣ በር ሳይነካ መዝጋት ካስቸገረ፣ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ ሸርጣን በጎኑ የሚሄድ ከመሰለ፣ ነገሩ የሻንሲ ሊሆን ይችላል። ቆማችሁ እዩት።

አጎቴ ከሥር ገባ። ዝም አለ። ከዚያ "ነይ እዪው" አለኝ። ጭቃውን በጨርቅ ጠረገው። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ቀጭን ነው፤ ግን ከታች ወደ ላይ እየወጣ ነው። የተሰነጠቀው አዲሱ ብየዳ ላይ እንዳይመስላችሁ! ብየዳው ንክች አላለም። የተሰነጠቀው ወፍራሙ ላሜራ ካለቀበት ጫፍ፣ ልክ በብየዳው ዳር፣ አሮጌው ብረት ነው።

በእግር ፍጥነት እየተጎተትን ሲመሽ መካነ ሰላም ገባን።

"ደሴ ከደረስክ አይደል?"

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። እሷም ደጋ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2600 ሜትር። ከከተማው ወደ ምዕራብ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ያደርሳል። በሌላው ወገን የደንቆሮ ጫካ አለ፤ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ። ስሙ ደንቆሮ ይሁን እንጂ ውስጡ ያሉት ብርቅ ናቸው፦ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ አስታና ጅብራ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አሮጌ በያጅ ዘንድ ሄድን። ጢማቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። አጎቴ ችኩሏል። አሥር ኩንታል የሚጫን ጤፍ ደሴ የሚጠብቅ ነጋዴ አለ። ልጇን ታቅፋ ለሕክምና ቀጠሮ ደሴ የምትሄድ አንዲት እናትም ጋቢና ውስጥ ቦታ ተይዞላታል። የዕቁቡ ቀንም ደርሷል።

"አያ፣ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይበይዱልኝና ልሂድ። ደሴ ስደርስ በደንብ አሠራዋለሁ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ደሴ ከደረስክ አይደል?" አሉ።

ከዚያ አጠገባቸው ከነበረ እንጨት ቀጭን የባሕር ዛፍ አርጩሜ መዘዙ። "ነይ የኔ ልጅ፣ ያዢልኝ" አሉኝ። አንድ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ አርጩሜው መሐል ላይ አስተኝተው በሽቦ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። "አሁን ጉበጪው" አሉ። ጎበጥኩት። ቀጭ! የተሰበረው ቁልፉ ባለቀበት ጫፍ ነው። ሌላ አርጩሜ ያለ ምንም ነገር ሰጡኝ። እንደ ደጋን ጎበጠ፤ አልተሰበረም።

"ወላሂ፣ ይሄን ያበጀልህ ሰው ክፋት የለበትም" አሉት አጎቴን፤ "ብረት አልሰሰተም። ግን ሻንሲው የሚተጣጠፍበትን ቦታ ወሰደበት። በዚያ ላይ ባሌስትራ ጨምረሃል። ባሌስትራው ሲደርቅ ድንጋዩን የሚውጠው ማን ነው? እሱ!" ብለው ሻንሲውን በመዶሻ መቱት።

አጎቴ ብዙ ደቂቃ ቁጭ ብሎ አሰበ። እኔ የማስበው ስለ መመለሻው ገደል ነው። እሱ የሚያስበው ስለ ዕቁቡ። መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ለነጋዴው ደውሎ "ሌላ መኪና ፈልግ" አለው። ለሴትዮዋም እውነቱን ነገራት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ልጇን አስተካክላ አዘለችና "እንኳን ነገራችሁኝ" ብላ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች።

ሁለት ቀን የፈጀው ሥራ

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ግማሹ ጊዜ መብራት በመጠበቅ። ሽማግሌው የሠሩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለናንተም ይጠቅማልና።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመዶች ፈቱ። ብየዳ የኤሌክትሪክ ነገሮችን ያቃጥላል። የነዳጁን ጋንና የፍሬኑን ቧንቧ ከእሳቱ አራቁ፤ አሸዋና እርጥብ ጆንያ አዘጋጁ። ቀጥሎ መኪናዋን ባዶዋን በክሪክና በእንጨት ደግፈው ክፍተቱ እኩል እስኪሆን አስተካከሏት። ጎብጦ የተበየደ ጎብጦ ይቀራል!

ከዚያ የስንጥቁን ጫፍ ፈልገው በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ በሱበት። ገረመኝ። የተሰነጠቀን ነገር ይበሳሉ? የብስኩት ላስቲክ ዳሩ ላይ ጥርስ ሲኖረው እንዴት ቀላል እንደሚቀደድ አስቡት። ስንጥቅም ሹል ጫፉ ነው የሚያስኬደው፤ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ሹልነቱ ይጠፋል። ቀጥሎ ስንጥቁን ፈልፍለው ከፈቱትና በደረቅ ኤሌክትሮድ ሞሉት። ጥቂት ይበይዳሉ፣ ያቆማሉ፣ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳሉ። ውኃ አላፈሰሱበትም፤ የጋለ ብረት በውኃ ከቀዘቀዘ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሆናል።

አሮጌውን ወፍራም ላሜራ ቆርጠው አወጡት። የተኩት ውፍረቱ ከሻንሲው በማይበልጥ ላሜራ ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ደግሞ እንደ ጦር የሾለ። ድጋፉ ድንገት አያልቅም፤ ቀስ እያለ ይሳሳል። የጎን ጎኑን በየዱት። ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ግን አንድም አልሠሩም። "ሻንሲ ላይ ሽቅብ የተበየደ መስመር፣ እዚህ ጋ ስበር ማለት ነው" አሉኝ።

አንድ አግዳሚ ብረትም ጨመሩ፤ እሱን ግን አልበየዱትም፣ በቡሎን አሰሩት። ለምን? አግዳሚው ከረጅሙ ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ይሠራል። ቡሎን ይጠብቃል፣ ይፈታል፣ ይለወጣል፤ ብረቱንም በእሳት አያደክመውም። ቀዳዳውን የበሱት በጎኑ መሐል ነው፤ የላይና የታች ጠርዙን አልነኩም፤ ትልቁን ጭንቀት የሚሸከመው ጠርዙ ነውና። የላንድክሩዘሩ ሻንሲ ሳጥን ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ እንዳይጨፈለቅ በውስጡ አጭር የብረት ቱቦ አስገቡ። የቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር አሳዩኝ፤ የጥንካሬው ደረጃ ነው። ቁጥር የሌለው የበር ቡሎን ለሻንሲ አይሆንም። "ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ስትሄድ መልሰህ አጥብቀው" አሉት አጎቴን።

መጨረሻ ላይ ቀለም ቀቡት፤ ከሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ከፈቱ። የሳጥን ሻንሲ ከውጭ አምሮበት ከውስጥ ነው የሚበላው።

የተጨመረውን ባሌስትራም አወረዱለት። አጎቴ ፊቱ ጨለመ። "እንግዲህ አስራ አራት ኩንታል አልጭንም ማለት ነው?" አለ። "አሥር ጫንና ሁልጊዜ ጫን" አሉት።

የከተማ ልጆችስ?

"እኔ ያለኝ ዲኤክስ ነው፤ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?" የምትሉ አላችሁ። ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቪትዝ መሰላል የላቸውም። እንቁላል በቅርፊቱ እንደሚጠነክር፣ ቦዲያቸው ራሱ ነው ሻንሲያቸው። ይህን አሠራር በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የጣሊያኗ ላንሲያ ላምዳ ናት። እንግዲህ የነዚህ መኪኖች ዝገት የቁንጅና ጉዳይ አይደለም። ወለሉና ከበሩ ሥር ያለው ረጅም ብረት ከተበላ አጥንቱ ተበላ ማለት ነው። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተበላው "ዱብ" ይላል። እሱ ላይ ፕላስተርና ቀለም ቀብቶ የሚሸጥላችሁ ካለ፣ ላሽ በሉ!

ለነዚህ መኪኖች በቡሎን የሚታሰር ድጋፍ አለ፤ የፊት ሁለቱን የሞላ መቀመጫዎች ኮፈን ሥር የሚያገናኝ ዘንግ። ኩርባ ላይ ፊቷ እንዳይላላ ያግዛል፤ ካልተስማማችሁ ፈትታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ከፊት ወፍራም ብረት መበየድ ግን ሌላ ነገር ነው። መኪና ሲጋጭ ፊቱ መጨማደድ አለበት፤ እሱ ካልተጨማደደ ግጭቱን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ! የሻንሲ ቁጥሩን። ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው። በያጁ ላሜራ ቢለጥፍበት ወይ ቢፈገፍገው ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ "የማን መኪና ነው?" መባል ይመጣል። ሥራው ሳይጀመር ቁጥሩ የት እንዳለ ለበያጁ አሳዩት።

ከሁሉ በፊት ደግሞ "ለምን ተሰነጠቀ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጭነት በዝቶ ነው? አሞርቲዘር ሞቶ ነው? ቡሎን ላልቶ ነው? ምክንያቱ ካልተነካ የተበየደው ሁሉ ቀጠሮ ማራዘሚያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

አጎቴ በሦስተኛው ቀን ስምንት ኩንታል ጭኖ ገደሉን ወጣ። የዕቁቡን ገንዘብ ተበድሮ ከፈለ። ጉጉፍቱ ላይ አስፓልቱ ዳር አቁሞ ከሥር ገባና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። አሁንም በየሳምንቱ እሑድ እንዲሁ ያደርጋል። "ታንክ" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ሲያወጣው ሰምቼ አላውቅም።

እናንተም መዶሻና ባትሪ ያዙና በዚህ ቅዳሜ ከመኪናችሁ ሥር ግቡ። ልብስ ይታጠባል። ቸር ያገናኘን!